ልዑል ዓለማየሁ በሰው ቤት



የዘንድሮው የቁጠባና የብድር ሂሳብ በሌላው ገጽ ላይ ስለወጣ፣ ለእኔ በተሰጠኝ በዚህ ቦታ ከቁጥር ወጣ ብዬ ስለ አንድ ልጅ ላጫውታችሁ። ልጁ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ታሪኩን ሁላችንም በትምህርት ቤት በጥቂቱ ሰምተነዋል። እንግሊዞች ከመቅደላ ወሰዱት፣ እዚያው በወጣትነቱ ሞተ፣ አጽሙም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ አገር ቁጭት ነው፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው። እኔን ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ፣ አባትም እናትም በአንድ ወር ውስጥ ሞተውበት፣ ባሕር ተሻግሮ በማያውቀው ቤት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እንዴት አደራቸው? ማን አባበለው? በምን ቋንቋ?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ካሉት አባሎቻችን መካከል የእህት ልጅ፣ የሟች ጎረቤት ልጅ፣ ወይም ከሕፃናት ማሳደጊያ የመጣ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ አማርኛው ከኦሮምኛ የወሰደው ነው፤ ለራስ ብሎ ማሳደግ ማለት ነው። በአገራችን ወግ በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ እንግዳ አይባልም፤ በሽማግሌ ፊት ከተወለደው ልጅ እኩል ሆኖ ይገባል። ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ስለከለከለ፣ ወላጅ ያጣው ልጅ የሚጠብቀው እኛኑ ነው። ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካ ብቻ 15,000 ያህል ልጆች ሄደዋል። አብዛኞቹ ተወደው አድገዋል ብዬ አምናለሁ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በአሳዳጊዎቿ እጅ የሞተችው ልጅ ጉዳይ ግን እዚህም ብዙ እናቶችን አስለቅሷል። እንግዲህ ያ ሁሉ ከመሆኑ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ወደ ባዕድ አገር ሄደው በባዕድ ቤት ካደጉት ኢትዮጵያውያን ልጆች ስሙ ከሁሉም በላይ የታወቀው ዓለማየሁ ነው።

ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በቴዎድሮስ ተሸንፈው ታሰሩ፤ ልጃቸው ደግሞ ኋላ የአሳሪያቸው ሚስት ሆኑ። እንዲህ ያለ ትዳር ምን ዓይነት ፍቅር እንደሚኖረው እናንተው ገምቱት። ባልና ሚስቱ ብዙ ጊዜ ተራርቀው ይኖሩ እንደነበር ይነገራል። ልጁ ግን የእናቱ ነበር፤ የሚያውቀውም ጓዳ የእሳቸውን ጓዳ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሩ አምባውን ዘረፈ፤ መጻሕፍቱ፣ ታቦታቱ፣ ዘውዱ፣ ልብሱ ሳይቀር በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሄደ። እቴጌ ጥሩወርቅና ልጃቸውም ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። እቴጌይቱ ወደ ወገኖቻቸው አገር ለመመለስ ነበር የተመኙት፤ ነገር ግን ቀድሞውንም ሳንባቸውን ታመው ስለነበር መንገዱን አልቻሉትም። በግንቦት ወር መንገድ ላይ አረፉ። ከመቐለ በስተደቡብ ባለችው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ።

ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። ከአባቱ ሞት እስከ እናቱ ሞት 32 ቀን ነው። በእነዚህ 32 ቀናት መካከል ልጁ ሰባተኛ ዓመቱን ሞላ።

እናቱ ሲሞቱ ኃላፊነቱ በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። ካፒቴን ስፒዲ ይባላል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ጺሙ ቀይ፣ ህንድ የተወለደ እንግሊዛዊ ነበር። ከጦርነቱ ዓመታት በፊት መጥቶ በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት አገልግሏል፤ ወታደሮቻቸውንም አሰልጥኗል። አማርኛ ይናገራል። አገሬው ባሻ ፈለቀ ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ናፒየር ወደ ኢትዮጵያ ሲዘምት በአስተርጓሚነት ያስጠራውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰው ያለኝ ሐሳብ የተደበላለቀ ነው። የወራሪው ጦር ሰው ነው፤ የመጣው ከዘራፊዎቹ ጋር ነው። ሆኖም በዚያ ሰፈር ውስጥ ልጁን በቋንቋው ማናገር የሚችል፣ አባቱን በአካል የሚያውቅ እንግሊዛዊ እሱ ነበር። ልጁም የያዘው እሱን ነው።

ሌላም ሰው አብሮ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ልጁን እያስተማሩ አብረው እንዲሄዱ ታስቦ ጉዞ ጀምረው ነበር። ግብፅ ሲደርሱ ግን ስፒዲ እንዲመለሱ አደረገ። ለዚህ ውሳኔ የተሰጠው ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ እኔ በበኩሌ ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ስህተት እዚህ ላይ የተፈጸመ ይመስለኛል። ዳዊት የሚያስደግም፣ የአባቱን ቤት የሚያውቅ፣ ስለ እናቱ የሚያወራለት አዋቂ ሰው ቢኖር ኖሮ ልጁ በሁለት እግሩ ይቆም ነበር። አለቃ ዘነብ ሲመለሱ ልጁ በአንድ እግር ቀረ። ያ አንድ እግር ስፒዲ ነበር።

ቀይ ባሕርን በመርከብ፣ ግብፅን በመሬት አቋርጠው፣ ከዚያም በሌላ መርከብ በሐምሌ 1860 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ፕሊማውዝ ወደብ ደረሱ። የስዊዝ ቦይ ያኔ ገና አልተከፈተም። እናቱ ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗል።

ከወደቡ ብዙም ሳይቆዩ ዋይት በምትባለው ደሴት በኦስቦርን ቤተ መንግሥት ለንግሥት ቪክቶሪያ አቀረቡት። ንግሥቲቱ ባላቸውን ያጡና ዘጠኝ ልጅ የወለዱ እናት ነበሩ። በዕለት ማስታወሻቸው ልጁ መልከ መልካምና ጨዋ መሆኑን፣ ዓይኖቹም የሚያምሩ መሆናቸውን አስፍረዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው እኔን የሚገርመኝ። ስፒዲ የነገራቸውን ጽፈዋል፤ ልጁ ቀን ከሌት ከእሱ አይለይም፣ ሌሊትም ከእሱ ርቆ አይተኛም። ወታደር የሆነ፣ ያላገባ፣ ልጅ አሳድጎ የማያውቅ ሰው የንጉሥ ልጅ ጎኑ አስተኝቶ ያድራል ማለት ነው።

ይህን ያነበበች እናት ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባታል። ሰባት ዓመት ትልቅ ልጅ ነው፤ በገጠራችን ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል። ሐዘንና ፍርሃት ግን ልጅን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሰባት ዓመት የሞላው እንደ ሦስት ዓመት ልጅ ቀሚስ ይይዛል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ደግሞ እንደ አራስ ልጅ ይታቀፋል። በማኅበራችን አንዲት አባል ከሁለት ዓመት በፊት ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ሕፃን አምጥታ ነበር። ሕፃኗ ለሳምንታት የሴትዮዋን የነጠላ ጫፍ በእጇ ጨብጣ ነበር የምታድር። እናትየው ጓዳ ስትገባ ትከተላታለች፣ ውጭ ስትወጣ በር ላይ ታለቅሳለች። ዳቦ ሲሰጧት ግማሹን ትበላና ግማሹን ከትራስ ሥር ትደብቃለች። ጎረቤቶች ተሞላቅቃለች፣ ጠባይዋ አያምርም አሉ። እናትየው ግን ታውቅ ነበር። ልጅቱ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ነገም ትኖሪያለሽ ወይ የሚል። ለዚህ ጥያቄ በአፍ መልስ አይሰጥም። መልሱ ጠዋት ዓይኗን ስትከፍት እዚያው መገኘት ነው፤ አርባ ቀን፣ ስልሳ ቀን፣ መቶ ቀን።

ስፒዲ ይህን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። አደረገው ብቻ። ስለዚህ ከነጉድለቱ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ምስጋና አልነፍገውም።

የዚያን ክረምት በዚችው ደሴት ፍሬሽዎተር በምትባል የባሕር ዳር መንደር አሳለፉ። ታዋቂዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እዚያው ትኖር ስለነበር ፎቶ አነሳቻቸው። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ልጁ ያገሩን ልብስ እንደለበሰ፣ ሐብል አንገቱ ላይ እንደሆነ ይታያል። ስፒዲም የኢትዮጵያ ልብስ ለብሶ አብሮት የተነሳው አለ። የዚያን ዘመን ፎቶ ሳይንቀሳቀሱ ረጅም ጊዜ መቀመጥ ይጠይቅ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አይስቅም ይባላል። ይሁን። የዓለማየሁ ዓይን ግን ሳይንቀሳቀሱ የመቀመጥ ዓይን ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ እንግዳው ሁሉ ራሱን እየዳበሰው የሚያልፍ ልጅ አይታችሁ ታውቁ የለ? እሱን ነው የሚመስለው።

ሰው ሁሉ ያየው ዘንድ ይፈልግ ነበር። የንጉሥ ልጅ ነው፣ ጋዜጣ ጽፎለታል፣ መኳንንቱ ይጋብዙታል። ይህም በእኛ ቤት የማይቀር ነገር ነው። አዲስ ልጅ መጣ ሲባል ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ይተላለፋል። ደስታ ነው፣ መልካም ልብ ነው። ለልጁ ግን የማያውቀው ፊት ሁሉ ሌላ የሚወስደው ሰው ይመስለዋል። እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ሁለትና ሦስት ወር ብንታገሥ ምንም አይጎድልብንም።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግድም ስፒዲ አገባ። ሚስቱን ቤተ ሰቡ ታይኒ ብሎ ይጠራት ነበር፤ ትንሿ ማለት ነው፤ ከእሱ ቁመት አንጻር ስሙ ሳይስማማት አልቀረም። ልጁም እናት የምትሆነው ሴት አገኘ። ከዚያ ስፒዲ በህንድ የፖሊስ ሹመት ስላገኘ ሦስቱም ወደ ህንድ ሄዱ። የህንዱ ኑሮ በዓለማየሁ ሕይወት ውስጥ እንደ ቤት የሚቆጠር ብቸኛ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ባልና ሚስት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ማዕድ። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ አይቆዩም፤ ደህና የሆነ ቤት ታሪክ የለውምና።

አሁን የእኔ ሙያ ወደሚገባበት ደረስን። የልጁን ወጪ የሚሸፍነው የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ነበር። በ1871 እ.ኤ.አ. ስፒዲ ከህንድ ወደ ፔናንግ፣ ዛሬ ማሌዥያ ወደምንላት አገር፣ ተዛወረ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ ከዚያ ወጥቶ በእንግሊዝ አገር ጥሩ ትምህርት ቤት መግባት አለበት ብሎ ወሰነ። ንግሥቲቱ ልጁ ከስፒዲ ባይለይ ይመርጡ ነበር። ስፒዲና ሚስቱም አልፈለጉም። ልጁማ አይነሳ። ነገር ግን ከፋዩ ወሳኝ ሆነ።

ውሳኔው በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ባየው ፊርማዬን አኑሬ የማሳልፈው ዓይነት ሰነድ ነው። ተጠቃሚ፦ አንድ ልጅ። ዓላማ፦ ትምህርት። ተቋም፦ የታወቀ። ወጪ፦ የተፈቀደ። በየትኛውም መስመር ላይ ልጁ ሌሊት ከማን ጋር ያድራል የሚል የለም። እንደዚህ ያለ መስመር የማንም መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ የለም፤ በእኛም ቅጽ ላይ የለም። የእኛ የሕፃናት ድጋፍ ቅጽ ደንብ ልብስ፣ ደብተር፣ ጫማ፣ ሕክምና ይላል። ለሁሉም ደረሰኝ ይቀርባል፤ እኔም አወራርዳለሁ። ነገር ግን ልጅ ያመጣች አባል የመጀመሪያውን ወር ገበያ ሳትወጣ፣ እንጀራዋን ሳትሸጥ፣ ቤት ብትውል ያጣችውን ገቢ የምናስገባበት ቦታ የለንም። ስለዚህ የምታደርገው ምንድን ነው? በሦስተኛው ቀን ልጁን ለጎረቤት ትታ ትወጣለች። ምርጫ የላትም፤ ዕቁብ አለባት፣ የቤት ኪራይ አለባት።

በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህን አጀንዳ አቀርባለሁ፤ ለጋሾቻችንም ከወዲሁ እንዲያስቡበት እዚህ ላይ አነሳሁት። አዲስ ልጅ ለተቀበለች አባል ቢያንስ ለሦስት ወር የገቢ ማካካሻ ይሰጥ። ደረሰኝ አይኖረውም፤ ይህን አውቃለሁ። ለኦዲተር የማስረዳው እኔ ነኝ። ሁለት አባላት በየሳምንቱ ቤቷ ሄደው አይተው የሚፈርሙበት አንድ ወረቀት ይበቃል። ከደንብ ልብሱ ይቀነስ የሚል ካለ እኔ እቃወማለሁ፤ ከሌላ ቦታ እንፈልግ።

ወደ ዓለማየሁ ልመለስ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ከስፒዲና ከታይኒ ተለይቶ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ቸልትናም በሚባል ከተማ ትምህርት ቤት ገባ፤ የሚኖረውም በርዕሰ መምህሩ በዶክተር ጄክስ ብሌክ ዘንድ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ በ1874 እ.ኤ.አ. ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት ሲዛወር ልጁም ተከትሎ ሄደ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አብልተውታል፣ አልብሰውታል፣ አስተምረውታል። በጨዋታና በስፖርት ጎበዝ ነበር፤ በትምህርቱ ግን አልሆነለትም። ለምን አልሆነለትም ብለው መምህራኑ ብዙ ጽፈዋል። እኔ የሚገርመኝ ጥያቄው ነው። ሁለት ጊዜ ከሥሩ የተነቀለ ተክል ለምን ፍሬ አላፈራም ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ በእኛ አገር የለም።

በዚህ መካከል አማርኛውን ረሳ። አገር ቤት አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ እናት፣ በሕይወት ነበሩ። ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ እያስጻፉ ስለ ልጃቸው ልጅ ይጠይቁ ነበር። አያት ሆናችሁ አስቡት። ልጃችሁ መንገድ ላይ ሞታለች፤ የቀራችሁ የልጅ ልጅ ባሕር ማዶ አለ ይባላል፤ ደብዳቤው ወራት ፈጅቶ ይደርሳል፤ ሲደርስ ደግሞ ልጁ የአያቱን ቋንቋ አያነብም። አለቃ ዘነብ ከግብፅ የተመለሱበትን ቀን የማልረሳው እዚህ ስደርስ ነው።

በ1878 እ.ኤ.አ. ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። አባቱ የጦር ሰው ስለሆነ ይወደዋል ብለው ይሆናል። አልወደደውም። ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ከዚያ ቀድሞ ወደሚያውቀው ወደ መምህር ሲሪል ራንሰም ዘንድ፣ ሊድስ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ራንሰም በዚያ በኮሌጅ ያስተምር ነበር። ልብ በሉ፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት ሲከፋው የሄደው ወደ ዘመድ አይደለም፣ ወደ አገሩም አይደለም። ወደሚያውቀው መምህር ነው። ከዚያ የተሻለ ሰው በአጠገቡ አልነበረውም።

ሊድስ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብርድ መታው፤ ሳንባው ታመመ። እናቱን የገደለው የሳንባ ሕመም ነበር። ሕመሙ ሲጠናበት መርዝ ሰጥተውኛል ብሎ መድኃኒትና ምግብ አልቀበልም አለ ይባላል። ሐኪሞቹ ይህን የትኩሳት ቅዠት አድርገው ወስደውት ይሆናል። በእኔ ግምት ግን የመጀመሪያው ፍርሃት ነው የተመለሰው፤ በጉዞው ላይ ስፒዲን ሌሊት ሌሊት አስጨብጦ ያሳደረው ያ ፍርሃት። በዚህኛው ሌሊት ግን የሚጨብጠው አልነበረም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ።

ንግሥት ቪክቶሪያ በጣም አዘኑ። በሳቸው ፈቃድ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ። ስሙ በነሐስ ላይ ተጽፎ ተሰቀለ። ከስሙ ሥር የተቀረጸው ቃል ከማቴዎስ ወንጌል፣ እንግዳ ስለ መቀበል ከሚናገረው ቦታ የተወሰደ ነው። ያን ቃል የመረጠው ሰው በቅንነት እንደመረጠው አልጠራጠርም። እንግዳ አድርገው ተቀበሉት፤ እንግዳ ሆኖ ኖረ፤ እንግዳ ሆኖ ተቀበረ። በጉዲፈቻ ወግ ግን ልጅ እንግዳ ሆኖ አይገባም።

ስፒዲ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ኢትዮጵያ መጥቷል። አንደኛው በ1884 እ.ኤ.አ. ከአድሚራል ሂዌት ጋር ዐፄ ዮሐንስ ዘንድ፣ ሁለተኛው በ1897 እ.ኤ.አ. ከሮድ መልእክተኞች ጋር ዐፄ ምኒልክ ዘንድ። ሁለቴም አማርኛ ስለሚያውቅ ነው አብሮ የተላከው። በእነዚያ ጉዞዎች ላይ ማን ስለ ልጁ እንደጠየቀው፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ማወቅ እመኛለሁ።

አጽሙ እንዲመለስ አገራችን ደጋግማ ጠይቃለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በይፋ ጠየቁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በቦታው የተቀበሉትን ሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳይነካ ማውጣት አይቻልም የሚል መልስ ሰጠ። የአባቱ የዐፄ ቴዎድሮስ የራስ ፀጉር ግን በ2011 ዓ.ም. ለንደን ካለው የጦር ሙዚየም ወጥቶ ለኢትዮጵያ ተመልሷል፤ እሱን ቆርጠው የወሰዱት መቅደላ ላይ በሬሳቸው ላይ ነው።

የልጁም ፀጉር ተመልሷል፤ ይኼኛው ግን መንገዱ ሌላ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ሲሰጥ፣ ያስረከበችው ከካፒቴን ስፒዲ ዘመድ የምትወለድ ሴት ነበረች። የስፒዲ ቤተ ሰብ ከልጁ ራስ የተቆረጠውን ያን ዘለላ ፀጉር ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በላይ አስቀምጦት ኖሯል።